የኦርቶ-ሜታ-ፓራን ሠንጠረዥ አትሸምድዱ

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ አሮማቲክ ውህዶች ምዕራፍ ልትደርሱ የቀረባችሁ ተማሪዎች፣ ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንት ሌሊት በተረፈኝ ነበር።

የቤንዜን መዋቅር ብዙ አያለፋም። ስድስቱም የካርቦን ቦንዶች እኩል 139 ፒኮሜትር ናቸው፤ ከነጠላው (154) ያጥራሉ፣ ከድርቡ (134) ይረዝማሉ። ስድስቱ ፓይ ኤሌክትሮኖች (የድርብ ቦንዶቹ ኤሌክትሮኖች) ጠፍጣፋውን ቀለበት ይዞራሉ፤ ቤንዜን ይህን መረጋጋት ላለማጣት ሲል መደመርን ትቶ ሃይድሮጅኑን ያስተካል። በአንድ ከሰዓት የሚገባ ነገር ነው።

መከራው ቀለበቱ ላይ አንድ ቡድን ካለ ሁለተኛው ቡድን የት ይገባል የሚለው ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው አጠገብ (ኦርቶ)፣ አንድ ካርቦን ዘሎ (ሜታ) ወይስ ፊት ለፊቱ (ፓራ)? መምህራችን ሠንጠረዥ ሰጡን፤ በአንድ ወገን አዲሱን ቡድን ወደ ኦርቶና ፓራ የሚመሩ ቡድኖች (ኦርቶ-ፓራ መሪዎች)፣ በሌላው ሜታ መሪዎች። «ይህን በቃላችሁ ከያዛችሁ ይበቃችኋል» አሉን። ከነቅደም ተከተሉ ያዝኩት። ፈተና ላይ አኒሊን (አሚኖ ቡድን፣ NH₂፣ የያዘ ቤንዜን) ከናይትሪክና ከሰልፈሪክ አሲድ ድብልቅ ጋር ምን ይሰጣል የሚል ጥያቄ መጣ። ሠንጠረዡ አሚኖን ከኦርቶ-ፓራዎቹ አናት ላይ ስላስቀመጠው እንደዚያው ጻፍኩ፤ ነጥቡ ተቆረጠ። ይበቃችኋል የተባልነውን ጽፈን ነጥብ ማጣታችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያልተነገረን ይህ ነው። ሰልፈሪክ አሲዱ ለናይትሪኩ ፕሮቶን ይሰጠውና ውሃ ወጥቶ ናይትሮኒየም አዮን ይቀራል፤ ቀለበቱ ላይ ናይትሮ ሆኖ የሚገባው እሱ ነው። ያው አሲድ ግን አሚኖውንም ፕሮቶን ያሸክመዋል። ናይትሮጅኑ ለቀለበቱ ሊያበድር የያዘው የኤሌክትሮን ጥንድ በዚያው ይያዛል፤ ቡድኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ኤሌክትሮን መሳብ ይጀምራል። ስለዚህ ከምርቱ ግማሽ የሚጠጋው ሜታ ይሆናል። ፓራውን የፈለገ አስቀድሞ አኒሊኑን ወደ አሴታኒላይድ (ናይትሮጅኑ ላይ አሴቲል ወደ ተጨመረበት አኒሊን) ይለውጥ፣ ናይትሮውን ያስገባ፣ መጨረሻ ላይ አሴቲሉን በሃይድሮሊሲስ ያውርድ።

እኔ ዛሬ ሠንጠረዥ አልከፍትም። ኤሌክትሮፋይሉ (እንደ ናይትሮኒየም ያለ ኤሌክትሮን ፈላጊው) በኦርቶ፣ በሜታና በፓራ ሲገባ የሚፈጠሩትን ካታየኖች (ፖዘቲቭ አዮኖች) እስላለሁ፤ ከዚያ ፖዘቲቭ ቻርጁ የት እንደሚያርፍ አያለሁ። ቶሉዊን (ሜቲል የያዘ ቤንዜን) ላይ በኦርቶና በፓራ ሲገባ ቻርጁ ሜቲል የያዘው ካርቦን ላይ ያርፋል፣ ሜቲሉም ይደግፈዋል። ናይትሮቤንዜን ላይ ያው ካርቦን ከፖዘቲቭ ናይትሮጅን ጋር ይጎራበታል፤ ከዚህ የሚያመልጠው ሜታ ብቻ ነው። «ልዩ ሁኔታ» እየተባለ የሚያስፈራራን ክሎሪንም በዚሁ ይፈታል። ኤሌክትሮን ስለሚስብ ቀለበቱን ያዘገየዋል፤ ጥንዱን ደግሞ በኦርቶና በፓራ ለሚያርፈው ቻርጅ ያካፍላል። ስትስሉ መሃሉ ላይ ክብ ያለበትን ቀለበት ተዉት፤ መጻሕፍት ቢወዱትም የኤሌክትሮን እንቅስቃሴ የሚያሳየው ቀስት ከክብ ላይ አይነሳም። ድርብ ቦንዶቹን አንድ በአንድ አስቀምጡ።

ብዙ ደረጃ ያለው ሲንተሲስ ከተሰጣችሁ ደግሞ ከቅደም ተከተሉ ጀምሩ። ሜታ-ናይትሮአሴቶፊኖን (አሴቲልና ናይትሮ በሜታ የያዘ ቤንዜን) ከተፈለገ አሴቲሉ ይቅደም፣ ናይትሮው ይከተል። ናይትሮው ከቀደመ ቀለበቱ በጣም ስለሚደክም አሴቲሉን የሚያስገባው የፍሪደል-ክራፍትስ ሪአክሽን አይሄድላችሁም።