የምግብ ፍላጎቱ ጥሩ ነው

በሕፃናት ካንሰር ክፍል ነርስ ሆኜ ብዙ ካርድ ጽፌያለሁ። አንዷ ዓረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም። በአንድ የ6 ዓመት ልጅ ካርድ ላይ ነው የጻፍኳት። «የምግብ ፍላጎቱ ጥሩ ነው» ትላለች። ስጽፋት ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጁ የመጣው ከወሎ ገጠር ነው፣ አባቱ አዝሎት። የደም ካንሰር ነበር። ድዱ ይደማል፣ እግሩን አጥንቱ ድረስ ያመዋል፣ ቆዳው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቷል። ምግብ የሚባል አያስጠጋም ነበር።

የዚህ በሽታ ሕክምና ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ከባዱ የመጀመሪያው ወር ነው። በየሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ ቪንክሪስቲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት አለ። በጀርባ በኩል የሚወጋ መድኃኒት አለ። በየቀኑ ደግሞ ፕሬድኒሶሎን የሚባል እንክብል ይዋጣል። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ተነሣ። መብላት ጀመረ። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ያኔ ነው።

ፕሬድኒሶሎን ልጅን ያስርባል። ተራ ረሃብ እንዳይመስላችሁ። የያዘውን ሳይጨርስ ሌላ ይጠይቃል። ሌሊት 8 ሰዓት ተነሥቶ እንጀራ አምጡ ይላል። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሠራተኞች ሁሉ ይህን እናውቃለን። ለአባትየው ግን የነገረው ሰው የለም። እኔም አልነገርኩትም።

ትኩሳቱ ሲጠፋ አልጋው ለሌላ ልጅ ስለተፈለገ በተመላላሽ ይቀጥል ተባለ። አባትየው እኩያዬ የሚሆን ገበሬ ነው። «ወንድሜ፣ ቀጠሮ እንዳትረሳ። ትኩሳት ካየህበት ሌሊትም ቢሆን ይዘኸው ና» አልኩት። «እሺ ሲስተር» አለኝ። የት እንደሚያድሩ አልጠየቅኩትም።

አራተኛው ቪንክሪስቲን የሚሰጥበት ቀን አልመጡም። በማግስቱም የሉም። ጠበል ሄደው ነው ብዬ ገመትኩ። የጠዋት ስብሰባ ላይ፣ «እንዲህ ናቸው፤ ትንሽ ሲሻለው ይጠፋሉ» አልኩ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ንግግሬን ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ካርዱ ላይ ያለው ስልክ የሰፈራቸው የባለሱቅ ነበር። በሦስተኛው ሙከራ አባትየውን አስጠርቶ አገናኘኝ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ ገና ድምፄን ሲሰማ። «መድኃኒታችሁን ጠልቼ አይደለም። ልጁ ሆዱ ተከፈተ። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ራበኝ ይላል። የምናድረው አልጋ ተከራይተን ነው። ኪሴ ውስጥ የቀረችው የመኪና ብቻ ሆነች። ልጄ ራበኝ እያለ ሲያለቅስ ከማይ አገሬ ልግባ አልኩ። እዚያ እንጀራ አላጣለትም።»

የምለው ጠፋኝ። እሱ ቀጠለ።

«ደግሞ እኮ ፊቱ ሞልቷል። ጎረቤቱ ሁሉ ድኗል ነው የሚለው። እናቱ እልል ብላ ነው የተቀበለችን።»

ፊቱን ያበጠውም ያው እንክብል ነው። ያንንም አልነገርነውም። እናት ልጇ ወፍሮ ሲመጣላት እልል ብትል ምን ይፈረድባታል?

«እንክብሉስ?» አልኩት።

«ከትናንት በስቲያ አለቀ።»

ደነገጥኩ። እሱ መድኃኒት በአንዴ ሲቋረጥ በራሱ አደጋ አለው። ሕክምናው ከተቋረጠ በሽታው ደግሞ ይመለሳል። በችኮላ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ታዲያ ይዤው ብመጣ የት አሳድረዋለሁ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም።

የጤና መድህን ካርድ ነበራቸው። ካርዱ ለሕክምናው ያግዛል እንጂ የመኝታ አይከፍልም፣ ሽሮ አይገዛም፣ እርሻውን ጥሎ ለመጣ ገበሬ እርፍ አይጨብጥለትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ብዙ አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕክምና ማቋረጥ ነው። በሙያችን አንድ ልጅ 4 ተከታታይ ሳምንት ሕክምናው ላይ ካልተገኘ «አቋርጧል» ይባላል። ቃሉ ጥፋቱን የቤተሰቡ ያስመስለዋል። ያን ቀን ስልኩን እንደያዝኩ መጀመሪያ ያቋረጥነው እኛ እንደሆንን ተሰማኝ።

ሶሻል ወርከራችን ዘንድ ሮጥኩ። እሷ ነገሩ አዲስ አልሆነባትም። ለስንቱ ቤተሰብ ማደሪያ ስትለምን እንደኖረች ያወቅኩት ያኔ ነው። እዚህ አገር ይህን ክፍተት ቀድመው ያዩት ወላጆች ናቸው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን በ1996 ዓ.ም የመሠረቱት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው። ተስፋ አዲስም የወላጆች ድርጅት ነው። ከሩቅ ለሚመጡ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ማረፊያ ያዘጋጃሉ። ሐኪም ያላየውን፣ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ ያደረ ወላጅ ያየዋል።

ቦታ እስኪገኝ ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ለመኪና ከክፍሉ ሠራተኞች አዋጣን። በ11ኛው ቀን አባትና ልጅ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ልጁ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማረፊያው ሄጄ ጎበኘኋቸው። ወጥ ቤት ገብቼ ያየሁትን አልረሳም። አባትየው በቀኝ እጁ ማማሰያ፣ በግራው የሽሮ ጣሳ ይዞ ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ ድስት ጥዶ የማያውቅ ሰው ነው። አጠገቡ አንዲት ከአርሲ የመጣች እናት ቆማለች። አማርኛ እምብዛም አትችልም፤ እሱም ኦሮምኛ አይችልም። እጇን እያንቀሳቀሰች «ቀስ፣ ቀስ» ትለዋለች። ሽሮው ሲጓጉል ማማሰያውን ተቀብላ ታሳየዋለች። ልጁ መሬት ቁጭ ብሎ ድስቱን ትክ ብሎ ያያል።

ምድጃ ያለበት ማደሪያ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። የእነዚህ ልጆች በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ዝቅ ሲል በደንብ ያልበሰለ ምግብ ሊጥላቸው ይችላል። ትኩሱን፣ በፈለገበት ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን የሚያበስሉበት ቦታ ያስፈልጋል። ይህን ቀድሞም አውቀው ነበር። «ንጹሕ ምግብ ስጡት» ብዬ እመክር የነበረው ግን አልጋ ተከራይቶ ለሚያድር ሰው ነበር።

አሁን አዲስ ቤተሰብ ሲመጣ ፕሬድኒሶሎኑን ከመስጠቴ በፊት እቀመጣለሁ። ቆሜ አላወራም። ሊርበው ነው፣ ፊቱም ያብጣል፣ ድኗል ማለት አይደለም እላለሁ። ዛሬ የት እንደሚያድሩ እጠይቃለሁ። እቤት የቀሩትን ልጆች ማን እንደያዘላቸው እጠይቃለሁ። የማይመለስልኝ ጥያቄ ብዙ ነው፤ ማረፊያ ሁልጊዜ አይገኝም። ያልተገኘ ቀን ለሶሻል ወርከሯ ደውዬ አብረን ስንሯሯጥ እንውላለን። «የምግብ ፍላጎቱ ጥሩ ነው» የሚለውን ዛሬም እጽፈዋለሁ። ከሥሩ ግን ማን እንደሚያበላው እጨምርበታለሁ።

ልጁ አሁን እቤቱ ሆኖ እንክብል እየወሰደ በወር በወሩ ይመጣል። ፊቱ ወደ ቦታው ተመልሷል። አባቱ ወረፋ ሲጠብቅ አዲስ የገባ አባት ካየ ሄዶ አጠገቡ ይቀመጣል። ባለፈው ወር ከጎጃም የመጣ አንድ ወጣት አባት ልጁን ታቅፎ ግራ ገብቶት ተቀምጧል። የእኛው ሰው ተጠጋው። ስለ በሽታው የሚያወራው መስሎኝ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«ወንድሜ» አለው፣ «ድስት ይዘሃል?»