«የእንጀራ እናት» ያልናቸው ተቆጣጣሪ

ጎንደር ማራኪ አካባቢ በሚገነባ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ረዳት መሐንዲስ ሆኜ ስቀጠር የሥራው ተቆጣጣሪ ሴት ነበሩ፤ ሠራተኛውም በሌሉበት «የእንጀራ እናት» ይላቸው ነበር። ፌሮው አርማታ ከሚሞላበት ቅርጽ ማስያዣ፣ ከካሳፎርማው ጋር ተጣብቆ ካገኙ ያስፈቱታል፤ ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ የሚገባው አሸዋና ጠጠር በሳጥን ሳይሰፈር በአካፋ ሲገመት ካዩ ሚክሰሩን ያስቆማሉ። እኔም ከሰዉ ጋር ለመግባባት ስል ስሙን ተቀበልሁ።

አንድ ቀን የዓምድ አርማታ ሲሞላ፣ ለአካፋ ስለከበዳቸው ሠራተኞቹ ውኃ ጨመሩበት፤ እኔም አይቼ ዝም አልሁ። ተቆጣጣሪዋ ደርሰው አርማታው እንደ አጥሚት መቅጠኑን ሲያዩ የተቦካው ሁሉ እንዲደፋ አዘዙ። ትርፍ ውኃ ሲደርቅ በውስጡ ቀዳዳ ትቶ ዓምዱን እንደሚያደክመው ተምሬአለሁ፤ ሆኖም በሰው ፊት የተዋረድሁ መስሎኝ ያንን ስም ጮክ ብዬ ስናገር ከኋላዬ ቆመው ነበር። ምንም አልመለሱልኝም።

ማታ የሥራ መዝገቡን ወደ ኋላ ስገልጥ፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ወንድ ተቆጣጣሪም በዚሁ ምክንያት ሁለት ጊዜ አርማታ ማስደፋታቸውን አነበብሁ። ስለ ሰውየው አንድ ነባር ግንበኛ ብጠይቅ፣ «ቆፍጣና ነበሩ» አለኝ።

ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። «አለቃ»፣ «ኃላፊ»፣ «ተቆጣጣሪ» የምንላቸው ስሞች ለወንድም ለሴትም አንድ ሆነው ሳለ፣ እኛ ግን ለሴቷ ጥብቅነት ቃል ፍለጋ ከሥራው ቦታ ወጥተን ጓዳ ገባን፤ ያመጣነውም የሌላ ሰው ልጅ ታንገላታለች የምትባለዋን ሴት ነው፤ ያልወለዱትን ልጅ ያሳደጉ ስንት ደጋግ የእንጀራ እናቶች እያሉ። ቃሉ የሴት መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። «እቴጌ»ም የሴት ስም ነው፤ ቁስቋምን ያሠሩት ምንትዋብ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን አገር ሲያስተዳድሩ የተከበሩበት ነው። የእኛው ስም ግን ትእዛዙ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት ብሎ ለመጠየቅ ቦታ አይተውም፤ ሴትዮዋን ክፉ ብሎ ይዘጋዋል።

ጠዋት ቀርቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ተቀብያለሁ» አሉኝና፣ አርማታ ቢያንስ 7 ቀን ርጥበት ሊለየው ስለማይገባ፣ ባለፈው ሳምንት መጨረሻ በተሞሉት ዓምዶች ላይ የተጠመጠመው ጆንያ ደርቆ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደርቆ ነበር። ባልዲ ይዤ ሄድሁ።