የማን ክፍል ሙቀት?

የደም መመርመሪያው ኪት (ፈሳሾቹና ሰሌዳው አብረው የሚመጡበት ጥቅል) መመሪያ «በክፍል ሙቀት ለ60 ደቂቃ ይቆይ» ይላል። እኔም አቆየሁት። ወሩ ሐምሌ፣ ከተማው ደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ውጭው ከንጋት ጀምሮ ዝናብና ጉም ነበር። ጋቢ ለብሼ ነበር የሠራሁት ብል ማጋነን አይሆንም፤ ከነጩ ጋዋን በላይ ሳይሆን ከሥሩ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የያዝሁት ሥራ በነፍሰ ጡር እናቶች ደም ውስጥ ያለውን ፌሪቲን መለካት ነው። ፌሪቲን ሰውነት ብረትን የሚያከማችበት ፕሮቲን ሲሆን፣ ወደ ሴረም፣ ማለትም ደም ከረጋ በኋላ ወደሚለየው ፈሳሽ፣ የሚወጣው ጥቂቱ በጎተራው ስንት እንደቀረ ይናገራል። ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ፕሮቲን ሄሞግሎቢን ብቻውን ደጋ ላይ ያሳስታል፤ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ስለሚል፣ ጎተራው ተሟጦም ቁጥሩ ደኅና ሊመስል ይችላል። «ጤፍ እየበላን እንዴት ብረት ያንሰናል?» የሚለው ጥያቄ በምሥራቅ ጎጃም በሄድሁበት ሁሉ ይገጥመኛል። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ጥቂት የማይባለው አውድማ ላይ በከብት ሲወቃ የተቀላቀለው አፈር ነው። የእህሉን የራሱን ብረት ደግሞ ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር አንቆ ይይዘዋል፤ የእርሾው መብላላት ቢያላላውም ጨርሶ አይለቀውም።

የለካሁበት ዘዴ ኤላይዛ ነው። ባለ 96 ጉድጓድ የፕላስቲክ ሰሌዳ አለ፤ በየጉድጓዱ ወለል ላይ ፌሪቲንን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ የተባለ ፕሮቲን ተለጥፏል። ሴረም ሲጨመር ፌሪቲኑ ይያዛል፣ ሌላው ታጥቦ ይሄዳል። ቀጥሎ ኢንዛይም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ መጥቶ ፌሪቲኑን ከላይ ይይዘዋል። ቲኤምቢ የተባለው ቀለም አልባ ፈሳሽ ሲገባ ኢንዛይሙ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመርበት ቢጫ ሆኖ ይቆማል። መሣሪያው 450 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን በየጉድጓዱ አሳልፎ ቢጫው ምን ያህሉን እንደዋጠ ያነባል። ቢጫው በደመቀ መጠን ፌሪቲኑ ብዙ ነው። ኤቫ ኤንግቫልና ፒተር ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1971 ስቶክሆልም ላይ ኤላይዛን ይፋ ከማድረጋቸው በፊት ይህን መሰል ልኬት በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ነበር የሚሠራው። በዚያ ዘመን ቢሆን እኔ ይህን ሥራ ባልደፈርሁት።

የመጀመሪያው ሰሌዳ ውጤት አሳፋሪ ነበር። መጠኑ አስቀድሞ የታወቀው ትልቁ ስታንዳርድ 2 አካባቢ መነበብ ሲገባው 0.6 ላይ ቀረ። ጥፋቱን ወዲያውኑ በዓባይ በረሃ ላይ ላከክሁ። ኪቱ የመጣው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ በበረዶ ሣጥን ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን እስኪወጣ በረሃው በረዶውን አቅልጦታል ብዬ ደመደምሁ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቤተ ሙከራው አንጋፋ ባለሙያ ታሪኬን እስከ መጨረሻው ሰሙና «ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው?» አሉኝ። አላውቅም። ቴርሞሜትር ከማቀዝቀዣው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ጥቂት ቆይቶ 15 አለ። መመሪያውን ገልብጠው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አሳዩኝ፦ «የክፍል ሙቀት ማለት ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ነው»። በዚያ ላይ ፈሳሾቹን ከማቀዝቀዣ እንዳወጣሁ ነበር የጨመርኋቸው። አንቲቦዲው ለመያዝ፣ ኢንዛይሙም ለመሥራት ብርዱ አዘግይቷቸዋል። ዓባይ በረሃ ንጹሕ ነበር።

ሁለተኛውን ሰሌዳ 25 ዲግሪ ላይ በተስተካከለ ኢንኩቤተር ውስጥ አስገባሁት። ቀለሙ አማረ። ስድስት ስታንዳርዶች፣ ፌሪቲን የሌለው አንድ ባዶና ውጤታቸው በስንት መካከል መውጣት እንዳለበት የታወቀ ሁለት መቆጣጠሪያዎች እያንዳንዳቸው በሁለት ጉድጓድ፤ የቀረው ቦታ ለ39 እናቶች ይበቃል። ሳሰላው አብዛኞቹ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ወጡ፤ ይህም ጎተራው ተሟጧል የሚባልበት ወሰን ነው። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን በዚያች ቀን ያየሁት እናቶቹን ሳይሆን የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ ነበር።

ደስታዬን ያበላሸው መቆጣጠሪያው ነው። ከ40 እስከ 60 መውጣት ሲገባው 31 ወጣ። በየሁለቱ ጉድጓድ አማካዮች ላይ ሁለት ቀን አፈጠጥሁባቸው፤ ምንም አልታየኝም። ሦስተኛው ቀን ላይ አማካዮቹን ትቼ 96ቱን ጥሬ ቁጥሮች እንደ ሰሌዳው አቀማመጥ በወረቀት ላይ ጻፍኋቸው። የመጀመሪያው ዓምድ በእያንዳንዱ ረድፍ ከሁለተኛው ይበልጣል። አሥራ ሁለተኛውም ከአሥራ አንደኛው ይበልጣል። ላይኛውና ታችኛው ረድፍም እንደዚያው። ቀዝቃዛው ሰሌዳ ኢንኩቤተር ውስጥ ሲገባ ዳርና ዳሩ ቀድሞ ሞቋል፤ መሐሉ ወደ ኋላ ቀርቷል። እኔ ደግሞ ስታንዳርዶቹን ሁሉ በግራ ዳር ደርድሬያቸዋለሁ፤ እናቶቹ መሐል ናቸው። መለኪያው ሲያብጥ የሚለካው ሁሉ ያንሳል። ቁናውን አስፍተህ እህል ብትሰፍር ጎተራህ የጎደለ ይመስልሃል፤ እኔም ሴቶቹን የብረት ድሃ ያደረግኋቸው እንደዚያ ነው።

ዳር ያሉትን 36 ጉድጓዶች ባዶ መተው አንዱ መፍትሔ ነው፤ ግን በአንድ ሰሌዳ ለ21 እናቶች ብቻ ቦታ ይቀራል፣ ኪሴም ይህን አይችልም። ስለዚህ ሰሌዳውንና ፈሳሾቹን አስቀድሜ ማሞቅ ጀመርሁ። ሰሌዳውን ሸፍኜ፣ እርጥብ ጨርቅ ባነጠፍሁበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥሁት። ስታንዳርዶቹን ወደ መሐል አመጣሁ፤ የአንዷን እናት ሁለት ጉድጓዶችም ጎን ለጎን ከማድረግ አራራቅኋቸው። መቆጣጠሪያው 47 ወጣ።

ሌሎቹ ስሕተቶቼ ቀለል ያሉ ናቸው። ስታንዳርዶቹን በኤክሴል በቀጥታ መስመር አገናኝቼ ነበር፤ የስታንዳርዶቹ ንባብ ግን ላይ ላይ ስለሚለምጥ ዝቅተኛዎቹ እናቶች ከዜሮ በታች ፌሪቲን ያላቸው ሆኑ፤ ወሳኙ 15 የሚገኘው ደግሞ እዚያው ታች ነው። ባለ አራት ፓራሜትር የተባለው፣ ከንባቡ ጋር አብሮ የሚለምጥ ኩርባ አስተካከለው። አንዲት እናት ንባቧ ከ3 አልፎ ነበር። ንባቡ 2 ሲሆን ከብርሃኑ የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጅ ነው፣ 3 ሲሆን ከሺህ አንድ፤ መሣሪያው ከዚያ ወዲያ የሚናገረውን አላምነውም፤ ሴረሙን አሥር ጊዜ አቅጥኜ ደገምሁት። መብራት ግን አሲዱን እንደጨመርሁ የጠፋብኝ ቀን ነበር። ቢጫው በ15 ደቂቃ ውስጥ መነበብ አለበት፤ ጀነሬተሩ የተነሣው በ40ኛው ነው። ያንን ሰሌዳ ጣልሁት።

የኋላ ኋላ ያስቸገረኝ ከሉማሜ ወጣ ካለ ጤና ጣቢያ በሞተር ብስክሌት የመጣው ደም ነው። ሴረሙ ገለባ መልክ መሆን ሲገባው አራቱ ቱቦዎች ሮዝ ሆነው ደረሱ። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥም ፌሪቲን አለ፤ ኮረኮንቹ ሕዋሱን ሲሰብረው ያ ሁሉ ወደ ሴረም ይፈስሳል፣ ብርሃኑም አብሮ ይቆጥረዋል። ከዚያ ወዲህ ሴረሙን እዚያው ጤና ጣቢያው ውስጥ ለይቼ ነው የማመጣው። ለአራቱ ግን ተመልሼ ሁለተኛ መቅዳት ነበረብኝ።

«ያኛው ደሜ ምን ሆነ ወንድሜ?» አለችኝ አንዷ፣ ክንዷን እየዘረጋች።

«መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ተበላሸ።»

ሆዷን በሌላ እጇ ደገፍ አድርጋ ሣቀች። «እንኳን እሱ፣ እኔስ በዚህ መንገድ ሙሉ ሆኜ መቼ ደርሼ አውቃለሁ?»