ትልቁን ዲናሞ አውጥቼ ትንሹን ገጠምኩ

ሰሞኑን መኪናዬ ላይ ዲናሞ (ሞተሩ እያዞረው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዕቃ) ስቀይር ነበር የከረምኩት። መኪናዋ ዲዝል ናት፤ ስራዋም ውድድር ላይ ክብደት የተጫነበት ተንሸራታች መጎተት ነው። ሙሉ ጉተታ የሚባለው 300 ጫማ ነው፣ በሜትር 91 ገደማ። ለዚህች ታህል መንገድ ዲናሞ ምን ያደርጋል፣ ባትሪ አይበቃም ወይ የሚሉ አሉ። እኔም መጀመሪያ እንደዛ ብዬ ዲናሞውን አውልቄ ጥዬው ነበር።

ጉተታውንስ ባትሪ ይችለዋል። የሚጨርሰው ወረፋው ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) እየሰራ ተራ ስጠብቅ ናፍጣ አቅራቢው ፓምፕ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ የውሃ ፓምፑም ይበላል፣ የራዲያተሩ ቬንቲላተር ደግሞ ከሁሉም ብሶ ይበላል። አንድ ቀን ተራዬ ደርሶ ክሩስኮቱን ሳይ 11.7 ቮልት። ሙሉ ባትሪ ጭነት ሳይኖርበት 12.6 ነው ማሳየት ያለበት። የናፍጣ ፓምፑ ቀጥ ብሎ ቢቆም እንኳ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ይታወቃል፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ይሰንፋል፣ ሞተሩ ናፍጣ ናፍጣ በሚልበት ሰዓት ግፊቱ ይወርድና መኪናዋ መሃል መንገድ ላይ ትልፈሰፈሳለች። እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ቀጥዬ ትልቅ ዲናሞ ፈልጌ ገዛሁ። 200 አምፔር። ከባድ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ፊት ለፊት፣ ከፍ አድርጌ፣ በ5 ሚሊሜትር ላሜራ ብራኬት ሰቀልኩት። በሁለተኛው ጉተታ የዲናሞው ጆሮ፣ ቡሎን የሚገባበት ጫፉ፣ ተሰበረ።

የተሰበረውን ቁራጭ እስካሁን አልጣልኩትም። ስብራቱን በደንብ ሲያዩት ግማሹ ጥቁር ነው፣ ዘይትና አቧራ ገብቶበታል። ግማሹ ያብረቀርቃል። ጥቁሩ የቆየ ስንጥቅ ነው ማለት ነው፣ የሚያብረቀርቀው ደግሞ የዛን ቀን የተበጠሰው። መንስኤውንም አገኘሁት። በዲናሞው ጆሮና በብራኬቱ መካከል 2 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ነበር፤ እኔ ሮንዴላ ፈልጌ ከመሙላት ይልቅ ቡሎኑን በጉልበት አጥብቄ አገናኘኋቸው። ቀልጦ በቅርጽ የተሰራ አልሙኒየም እንደ ብረት አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። ገና ሞተሩ ሳይነሳ ጆሮው ተወጥሮ ነበር። ዲዝል ደግሞ ንዝረቱ መች ይምራል።

ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ከመግዛቴ በፊት ለካሁ። በገመድ ላይ የሚታቀፈውን አምፔር መለኪያ ይዤ አንድ በአንድ፦ የናፍጣ ፓምፕ 14፣ የውሃ ፓምፕ 8፣ ቬንቲላተር 16። በድምሩ 38 አምፔር። ባትሪው የሚሞላበትን ብጨምርበት 60 አምፔር ይበቃኛል። 200 ምን ሊሰራልኝ ነው? ዲናሞ የሞተር ጉልበት ይበላል የሚለው ስጋትም የተጋነነ ነው። 60 አምፔር በ14 ቮልት 840 ዋት ነው፣ በዲናሞውና በቺንጊያው (ዲናሞውን በሚያዞረው ቀበቶ) የሚባክነውን ጨምረንበት 2 የፈረስ ጉልበት ቢሆን ነው። ከ1,000 በላይ ለሚሰጥ ሞተር ምኑም አይደል።

ከአምፔሩ በላይ መታየት ያለበት ዙሩ ነው፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር። ከፋብሪካ ሲወጣ 3,200 ላይ የሚያቆም ሞተር ለውድድር ሲሰራ 5,000 ያልፋል። የእኔ የክራንክ ፑሌጃ (ሞተሩ ላይ ቺንጊያው የሚዞርበት ክብ) ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር ነው፣ አዲሱ ትንሽ ዲናሞ ይዞት የመጣው ደግሞ 6.5። ሲካፈል 3 እጥፍ ትንሽ አለፍ ይላል፤ ሞተሩ 5,000 ሲዞር ዲናሞው 15,400 ይዞራል ማለት ነው። ትንንሾቹ ዘመናዊ ዲናሞዎች እስከ 18,000 የሚችሉ አሉ፣ ትልልቆቹ ግን ብዙ ጊዜ ይህን አይችሉም፣ ውስጡ ያለው የመዳብ ጥቅል ክብደት ነው የሚጎዳቸው። ቶርኖ ላይ 8 ሴንቲሜትር ፑሌጃ አስወጣሁ። አሁን ሞተሩ 5,000 ሲዞር ዲናሞው 12,500 ነው። ሚኒሞ ላይ ደግሞ ሞተሩ 800 ሲሆን ዲናሞው 2,000 ነው፣ ትንሽ ያመነጫል፣ ብዙ ግን አይደለም። ወረፋ ላይ ስቆም በእጅ ነዳጅ መስጫው ወደ 1,200 ከፍ አደርገዋለሁ። ባለ አንድ ሽቦ ዲናሞ የምትጠቀሙ ደግሞ ሞተሩ እንደተነሳ አንዴ ጋዝ ካልሰጣችሁት ጨርሶ ላይጀምር እንደሚችል እወቁ።

ብራኬቱን 10 ሚሊሜትር ብረት አደረግኩት። ዝቅ ብሎ፣ ከቱርቦው ራቅ ብሎ፣ ሁለቱም ጆሮ ተይዞ፣ ሶስተኛ ድጋፍ ደግሞ ከጀርባው። ክፍተቱን በቶርኖ በተቆረጠ ቡሽ ሞላሁት። የቺንጊያው ማወጠሪያ ስፕሪንግ አይደለም፣ ግራና ቀኝ ጥርስ ያለው ዘንግ ነው፤ ስፕሪንጉ በድንገት ጋዝ ሲሰጥ ይዘላል፣ ቺንጊያውም አብሮት። ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን በቀጥ ያለ ብረት አየሁ፣ አንድ ሮንዴላ አወጣሁ፣ ደግሜ አየሁ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ይገባዋል።

(ዲናሞውን አዙራችሁ የምትገጥሙ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን በየትኛውም አቅጣጫ ያመነጫል። ማቀዝቀዣ ክንፎቹ ግን ባላቸው አቅጣጫ ካልዞሩ በደንብ አያቀዘቅዙም።)

ባትሪዬ ኋላ ነው ያለው፣ ገመዱ 5 ሜትር ነው። በ6 ካሬ (6 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው) ገመድ 60 አምፔር ብልክ መንገድ ላይ 0.9 ቮልት ገደማ ይጠፋል። በ25 ካሬ 0.2 ብቻ። 25 ካሬውን ዘረጋሁ።

ዋናው ማጥፊያ፣ በአደጋ ጊዜ ተጎትቶ ኤሌክትሪክ የሚቆርጠው፣ ላይ ግን ሳልቸኩል ነው የሰራሁት። የዲናሞው ገመድ ከማጥፊያው ወዲህ፣ ከመኪናው እቃዎች ጋር ከታሰረ፣ ማጥፊያው ሲጎተት ባትሪው ይለያል እንጂ ዲናሞው ፓምፖቹንና የሞተሩን ኮምፒውተር መመገቡን ይቀጥላል። ያ ብቻ አይደለም፣ ባትሪው በድንገት ሲለየው ቮልቱ ከ80 በላይ ሊዘል ይችላል፣ የዲናሞውን ዳዮዶችም (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን) ኮምፒውተሩንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ገመዱን በቀጥታ ባትሪው ፖል ላይ አሰርኩ፣ አጠገቡ ቫልቮላ (ፊውዝ) አድርጌ። የናፍጣ ፓምፑ ሜካኒካል የሆነ (በኤሌክትሪክ ሳይሆን በሞተሩ የሚዞር) ሞተር ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለተቋረጠ ብቻ አይጠፋም፤ ለእሱ አየር የሚዘጋው ክዳን ያስፈልጋል፣ የውድድር ህግም ይጠይቃል።

ባለፈው ወረፋ ላይ ክሩስኮቱ 14.1 ያሳይ ነበር። ሶስት ጊዜ ጎተትኩ፣ አልወረደም። ሲያልቅ ጆሮዎቹን በመብራት አየኋቸው፣ ስንጥቅ የለም። የኋላው ድጋፍ ቡሎን ግን ሩብ ዙር ያህል ላልቶ አገኘሁት። ባለ ናይሎን ዳዶ ቀይሬለታለሁ፣ የሚቀጥለው ጉተታ ላይ እናየዋለን።