ከተማውን ያልለቀቀው ጎንዛጋ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ፣ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጉዳይ በየቡናው ይነሣል፤ እኛው ኦርቶዶክሶቹ እንኳ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን ማማረጥ እንጀምራለን። በእኛ ቤት የወንድሜን ልጅ ምክንያት አድርጎ ደጋግሞ የተነሣው ስም ጎንዛጋ ነው። ስለ ውጤቱና ስለ ስፖርቱ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ ግን ታሪኩን ሳነብብ ይበልጥ የሳበኝ፣ ከተማውን ትቶ ለመሄድ በቂ ምክንያት በነበረው ጊዜ አለመሄዱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርት ቤቱን በ1821 የመሠረቱት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላት ናቸው። ይህ ማኅበር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዐፄ ፋሲል ከአገር ያስወጡት እሱን ነው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1945 ከካናዳ አባላቱን አስመጥተው፣ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ አስጠንቅቀው፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን አስረክበዋቸዋል። ስለዚህ በዕድሜ የገፉ ዘመዶቻችን «ኢየሱሳውያን» የሚለውን ስም ሲሰሙ ግማሾቹ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ የቀድሞ መምህሮቻቸውን በናፍቆት ያነሣሉ።

በመጀመሪያ ስሙ የዋሽንግተን ሴሚናሪ ሲሆን የሚገኘውም ኤፍ ጎዳና ላይ ነበር። የማኅበሩ ሥርዓት ለማስተማር ክፍያ መቀበልን ይከለክል ስለነበር፣ እንደ አብነት መምህሮቻችን በነጻ ማስተማር ይጠበቅባቸው ነበር፤ ነገር ግን ያለ ገቢ ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት ማቆም ስላልተቻለ በ1827 ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው ክልከላው ከተነሣ በኋላ በ1848 ነው። በ1858 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕጋዊ ሰውነት ሲሰጠው፣ በ1591 በሮም ወረርሽኝ የተያዙትን ሲያስታምም በ23 ዓመቱ በሞተው በቅዱስ አሎይሲየስ ጎንዛጋ ስም ተጠራ። በ1871 ደግሞ አሁን ወዳለበት ቦታ፣ ድሆች የአየርላንድ ስደተኞች ይኖሩበት ወደነበረው የስዋምፑድል ሰፈር፣ በ1859 ከተሠራው የቅዱስ አሎይሲየስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተዛወረ። የዚህን ቤተ ክርስቲያን የመንበር ሥዕል የሣለው የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ የካፒቶልን ጉልላት ያስጌጠው ኮንስታንቲኖ ብሩሚዲ መሆኑን ብዙ ጎብኚ አያውቅም።

የታሪኩ ጥቁር ገጽም አለ። የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ፤ በ1838 ለራሳቸው ኮሌጅ ለጆርጅታውን ዕዳ ሲሉ 272 ሰዎችን መሸጣቸው የታወቀ ነው። የጎንዛጋ ተማሪዎች ራሳቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት የቆዩ መዝገቦችን አገላብጠው፣ በሴሚናሪው ዘመን ገብርኤል የሚባል በባርነት የተያዘ ሰው እዚያ ይሠራ እንደነበር አረጋግጠዋል። የታሪክ ትምህርት እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል፤ ትምህርት ቤት የራሱን ገመና ልጆቹ እንዲመረምሩት መፍቀዱ ከማንኛውም የክብር ሰሌዳ ይበልጥብኛል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ፣ ከትምህርት ቤቱ ብዙም የማይርቀው ኤች ጎዳና ተቃጠለ። አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሸሹ፣ የተማሪው ቁጥር አሽቆለቆለ፣ መዝጋት ወይም ወደ ዳር ከተማ መዛወርም በቁም ነገር ተመከረበት። የተወሰነው ግን እዚያው መቆየት ነበር። በዚያ ዘመን በቅዱስ አሎይሲየስ ያገለግሉ የነበሩት አባ ሆራስ ማኬና በ1970 የተራቡትን የሚመግብ ድርጅት ካቋቋሙት አንዱ ሲሆኑ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ በስማቸው የተሰየመ የችግረኞች መርጃ ማዕከል በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተከፍቷል። ስለዚህ ዛሬ የጎንዛጋ ተማሪ ወደ ክፍሉ ሲገባ ቤት የሌለው ሰው ያያል፤ ከዚያም አልፎ ምግብ ያበስልለታል። ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት አባ ፔድሮ አሩፔ በ1973 የተናገሩት «ለሌሎች የሚኖሩ ሰዎች» የሚለው ቃል በየኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አለ፤ እዚህ ግን ግድግዳው ሥር ሌሎቹም አሉ።

ተማሪዎቹ ወደ 950 የሚጠጉ ወንዶች ብቻ ናቸው። ጠዋት ከሜትሮና ከባቡር ወርደው፣ ሸሚዝና ክራባት አድርገው፣ ከዩኒየን ስቴሽን በእግራቸው ይመጣሉ። ያጠፋ ልጅ ከትምህርት በኋላ እንዲቆይ ይቀጣል፤ ቅጣቱ «ጀግ» ይባላል፤ ትርጉሙ «በእግዚአብሔር ሥር ያለ ፍትሕ» ነው ይላሉ፣ የተቀጡት ምን እንደሚሉ ባላውቅም። በአሜሪካ ፉትቦል ዋናው ተቀናቃኝ በ1851 የተመሠረተው ሴንት ጆንስ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚያወራው የኅዳር 2018ቱን የዋንጫ ጨዋታ ነው፤ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ግብ ተቆጥሮ፣ ኬሌብ ዊሊያምስ የተባለ የአሥረኛ ክፍል ልጅ በመጨረሻዋ ሰከንድ በወረወራት ረጅም ኳስ ጎንዛጋ ዲማታ የተባለውን ትምህርት ቤት 46 ለ 43 አሸነፈ። ልጁ በ2024 በብሔራዊው የፉትቦል ሊግ (ኤን ኤፍ ኤል) የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆኖ ተመርጧል።

ክፍያ መቀበል አልችልም ብሎ የተዘጋው ትምህርት ቤት ዛሬ በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል። የገንዘብ እርዳታ አለ፤ ሆኖም እርዳታው የሚጠየቀው በየዓመቱ በማመልከቻ ነውና፣ የሐበሻ ወላጅ ዋጋውን ሰምቶ በዝምታ ከመመለሱ በፊት ማመልከቻውን እንዲሞላ እመክራለሁ። የወንድሜ ልጅም ሞልቷል።