የእናቴ ስጋት፣ የአጎቴ ሳቅ

«ደስታ የምርጫ ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የደንበጫ ዘመዶቼ ትዝ ይሉኛል። የእናቴና የታናሽ ወንድሟ የጤፍ ማሳ ድንበርተኛ ነበር። አንድ ዓመት ጤፉ ሊያሽት ሲል በረዶ ወርዶ ሁለቱንም ከመሬት ደባለቀው። አጎቴ የወደቀውን ጤፍ በዱላው ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «አይዞሽ እታለም፣ ለከብቶቹ ድርቆሽ ይሆናል፤ እርጥበቱ ሳይሄድ ሽምብራ እንዘራበታለን» አለ። ማታ ራቱን በልቶ ተኛ። እናቴ እስኪነጋ ስትገላበጥ አደረች።

በቀጣዩ ክረምት ሁለቱን ቤት ያሻገረው እሷ በስጋት ብዛት ጎተራ ውስጥ ያቆየችው ዳጉሳ ነው። አጎቴ እንጀራውን እየቆረሰ «አላልኩሽም?» ይላታል!

በመከራ ጊዜ ማንም ያዝናል። የሚገርመኝ እህሉ ሞልቶ ጠላው በተትረፈረፈበት ዓመትም እናቴ «ይህ ሁሉ ጥጋብ ለከርሞ ምን ይዞብን ይመጣ ይሆን?» ማለቷ ነው። ታዲያ ፊቷ የማይፈታ ሴት እንዳትመስላችሁ። ሰርግ ቤት ከበሮውን ከእጇ የሚወስድባት አልነበረም።

ኮስታና ማክሬ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ ይህ ጠባይዋ ገባኝ። ከሰው ጋር መጫወት መውደድ ከደስታ ስሜት ጋር ይያያዛል፤ ስጉነት ደግሞ ከሐዘንና ከጭንቀት ጋር። ሁለቱ ለየቅል ስለሆኑ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ሊከንና ቴለገን የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ደስታ ምን ያህል አብሮ እንደሚወለድ ለማወቅ መንታዎችን አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የበለጠ ደስተኛ ለመሆን መጣር ቁመት ለመጨመር እንደ መጣር ሳይሆን አይቀርም እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ሊከን ኋላ ይህን አባባሉን ሽሮታል። «ተፈጥሮን ተመክሮ አይመልሰውም» የሚለውን የእኛን ግን እስካሁን የሻረው የለም።

ስለዚህ እናቴን «ምስጋና ቢስ» የሚሏትን ጎረቤቶች አልወድም። ጠዋት ማታ ታመሰግን ነበር፤ ምስጋናው ስጋቱን አላባረረላትም እንጂ። አጎቴንም ስለ ሳቁ እንደ ጻድቅ አላየውም፤ ሳይለፋ ያገኘው ነው።

እኔ የወጣሁት በእናቴ ነው። ልጄ ግን ወደ አጎቴ አድልታለች። ፈተና ወድቃ መጥታ ምሳዋን እያጣጣመች ስትበላ ሳያት ያናድደኛል፤ ያስቀናኛልም። ጥሩ ውጤት ይዛ ስትመጣ ደግሞ የሚቀጥለውን መንፈቅ ዓመት እያሰብኩ ምሳ የማይበላልኝ እኔ ነኝ።