ከገብርኤል እስከ ሐይቁ ዳር

አባቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሐዋሳ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው እስከ ሐይቁ ዳር በእግራቸው መውረድ የየዕለት ልማዳቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ግን መንገዱን ሳያጋምሱ ቀኝ ባታቸውን ጨምድዶ እየያዛቸው ይቆሙ ጀመር። ጥቂት ደቂቃ ሲያርፉ ይለቃቸዋል፤ ያንኑ ያህል ሲራመዱ ደግሞ ይመለሳል። እኛ ቁርጥማት ነው ብለን ቅባት ስንገዛ፣ መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክም ነርቭ ነው ብሎ ቫይታሚን ሲያዝልን ወራት አለፉ። የስኳር ሕመም ስላለባቸው ነርቭ መባሉ ባያስገርምም፣ ካልሲያቸውን አስወልቆ የእግራቸውን የደም ትርታ የዳሰሰ ሰው አለመኖሩ እስካሁን ይቆጨኛል።

በኋላ ያገኘነው ሐኪም በመጀመሪያ የጠየቃቸው «አባባ፣ ቆም ሲሉ ብቻ ይለቅዎታል ወይስ የግድ መቀመጥ አለብዎት?» ብሎ ነው። ቁጭ ሲሉ ወይም ጎንበስ ሲሉ ብቻ የሚለቅ ሕመም ብዙ ጊዜ ከአከርካሪ እንደሚመጣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎም የቁርጭምጭሚታቸውን የደም ግፊት ለክቶ ለክንዳቸው ግፊት አካፈለው፤ ውጤቱ ከ0.90 በታች ሲሆን የእግር ደም ቅዳ ቧንቧ መጥበቡን ያመለክታል፣ የአባቴ 0.6 ነበር። በስኳር ሕመምተኞች ላይ ቧንቧው ስለሚደድር ይህ ቁጥር አንዳንዴ ደህና መስሎ ሊያታልል ይችላል። አልትራሳውንዱ የጠበበውን ቦታ ጭናቸው ውስጥ አሳየን።

አባቴ «ሊቆርጡት ነው?» አሉ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ዶተር የጠበበ የእግር ቧንቧን ለመጀመሪያ ጊዜ በቱቦ የከፈተው እግሯ እንዲቆረጥ ተመክራ እምቢ ላለች የ82 ዓመት ሴት ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም አንድሪያስ ግሩንትዚግ በ1974 እ.ኤ.አ. ቧንቧውን የሚያሰፋ ፊኛ ጨመረበት፤ ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዘው መረብ፣ በሰው ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደዚህ ሕክምና ግን ወዲያው አልገባንም። መጀመሪያ የታዘዘው ሲጋራ ማቆም፣ አስፕሪንና ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት መውሰድ፣ እንዲሁም በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን እስኪያምም መራመድ፣ ማረፍ፣ እንደገና መራመድ ነበር። ሦስት ወር ከሞከሩ በኋላም ገበያ መሄድ ስላቃታቸው ቧንቧውን ለማስከፈት አዲስ አበባ ሄድን። ቧንቧው በራጅ እንዲታይ የሚወጋው ቀለም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ ኩላሊታቸው ታየ። ከዚያም በብሽሽታቸው በኩል፣ አካባቢውን ብቻ በማደንዘዝ፣ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ቧንቧውን በፊኛ ካሰፉ በኋላ ኒቲኖል ከተባለ ብረት የተሠራ ስቴንት ተዉበት። ይህ ብረት የተሠራበትን ቅርጽ ስለሚያስታውስ፣ ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ለሚንቀሳቀሰው የጭን ቧንቧ ይስማማል።

እቤት ሲመለሱ አባቴ ሥራው የተጠናቀቀ መስሏቸው ለሁሉም ነገር ባጃጅ መጥራት ጀመሩ፤ በዚህም ተጣላን። ስቴንቱ ያሰፋው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላው ቧንቧ ያው የቀድሞው ነው፣ የተከፈተውም ተመልሶ ሊጠብ ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ክሎፒዶግሬል የተባለ መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳያቋርጡ እኔ እቆጥርላቸዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አብረን እንወርዳለን። ትናንት ሐይቁ ዳር የደረስነው አንድ ጊዜ ብቻ ቆመን ነው፤ የቆምነውም እኔ ደክሞኝ ነበር።